«ኮርን» በቆሎ የሚሆነው መቼ ነው?

ጥያቄው፦ «በ1840ዎቹ ስለነበረው የእንግሊዝና የአየርላንድ ኑሮ የተጻፈ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ኮርን› የሚለው ቃል በየገጹ አለ፤ መዝገበ ቃላቱ በቆሎ ስለሚል በቆሎ እያልኩ ጨረስኩት። ረቂቁን ያነበቡ ወዳጄ ግን ‹እንግሊዝ አገር በቆሎ ማን ዘራ?› አሉኝ። በዚያ ላይ አንዱ ሰውዬ እግሩ ላይ ‹ኮርን› ወጥቶበት ያነክሳል፤ ሌላው ‹ኮርንድ ቢፍ› ይበላል። ቃሉ ስንት ትርጉም አለው? በምንስ ልለየው?»

ወዳጅዎ ልክ ናቸው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ አገር በቆሎ የማሳ ሰብል አልነበረም፤ አጭሩና ቀዝቃዛው በጋ ፍሬውን አያደርስለትም። እርስዎ በቆሎ ያሉት «ኮርን» አብዛኛው እህል ነው፤ ጠበብ ከተደረገም ስንዴ። መዝገበ ቃላቱም ቢሆን አልዋሸም፤ የሰጠዎት ግን አሜሪካኖች ዛሬ የሚሉትን ብቻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ጀምሮ ያለ ነው፤ መነሻው ግን የአንድ ተክል ስም አልነበረም። «ቅንጣት» ማለት ነበር፤ የስንዴ ፍሬም፣ የገብስ ፍሬም፣ የጨው ቅንጣትም «ኮርን» ይባላል። የጀርመኑ «ኮርን» እና የሆላንዱ «ኮረን» ወንድሞቹ ናቸው፤ የላቲኑ «ግራኑም» ደግሞ የሩቅ ዘመዱ። ይኸው የላቲን ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ እንግሊዝኛ ሲገባ «ግሬይን» ሆነ። «ከርነል» የሚባለውም ከራሱ ከ«ኮርን» በማሳነሻ ቅጥያ የወጣ ነው። ሦስቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ስለሆኑ አንድ ገጽ ላይ አንዱ የሌላውን ቦታ ሲይዝ ቢያዩ አይገረሙ።

ከቅንጣት ተነሥቶ ቃሉ የቅንጣቶቹን ክምችት፣ ማለትም እህልን በጠቅላላ መጥራት ጀመረ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው። «እህል ቀመስክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጤፍ ይሁን ገብስ አያስብም፤ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የወረደ ገዢም ጤፉንም ስንዴውንም በቆሎውንም በአንድ ስም ሥር ያገኛል። የእንግሊዝ ገበሬ «ኮርን» የሚለው በዚሁ ስሜት ነው። ልዩነቱ ቃሉ በየአገሩ ወደ ዋናው ሰብል መጥበቡ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዘልማድ ስንዴ ሆነ፤ ስኮትላንድና አየርላንድ አጃ ሆነ። የባሕር ማዶ ዘመዶቹም እንዲሁ ናቸው፤ የስዊድኑ «ኮርን» ገብስ ነው፣ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራይ የሚባለው ጥቁር ዳቦ የሚጋገርበት እህል። ቃሉ ያልተቀየረ፣ ማሳው የተቀየረ ነገር ነው።

አሜሪካ የሆነውም ይኸው ነው። የኮሎምበስ ሰዎች በ1492 ኩባ ላይ በቆሎን ሲያዩ የታይኖ ሕዝብ «ማሂስ» ይለው ነበር፤ ስፔኖች ይህን ስም ወሰዱት፤ የእንግሊዞቹ «ሜይዝ» ከዚያ የመጣ ነው። በኋላ ሰሜን አሜሪካ የሰፈሩት እንግሊዞች ግን የአገሬውን ሰው ዋና እህል ሲያዩ «ኢንዲያን ኮርን» አሉት፤ በእኛ አፍ «የህንዶቹ እህል» ማለት ነው፤ ህንዶች የተባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ሰፋሪዎቹም ራሳቸው እየዘሩት ዋና ቀለባቸው ሲሆን ገላጩ ተቆርጦ ወደቀ፤ «ኮርን» ብቻውን በቆሎ ሆኖ ቀረ።

ይህ ዓይነቱ አሰያየም ለእኛም እንግዳ አይደለም። በቆሎ በአማርኛ «የባሕር ማሽላ» የሚባልበት አካባቢ አለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ማሽላን የሚመስል ማለት ነው። ባሕር ዛፍም ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ጣሊያኖች በቆሎን «ግራንቱርኮ» ይሉታል፣ የቱርክ እህል፤ እንግሊዞችም ጥንት «የቱርክ ስንዴ» ብለውት ነበር፣ ቱርኮች በነገሩ ባይኖሩበትም። ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ሊኔየስ እንኳ በ1753 «ዚያ ሜይስ» ሲለው «ዚያ» የሚለውን ቃል ግሪኮች ለሌላ የስንዴ ዘር ይሉት ከነበረው ነው የተዋሰው። አዲስ እህል በአሮጌ ስም መጠራቱ ልማድ ነው፤ አደጋው የሚመጣው ተርጓሚው አዲሱን ትርጉም ይዞ ወደ አሮጌው ጽሑፍ ሲመለስ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ መጽሐፍ። በዚያ ዘመን የፖለቲካው ሁሉ እምብርት «ኮርን ሎው» የሚባሉት ሕጎች ነበሩ፤ በአማርኛ «የእህል ሕጎች» ይበሏቸው። በ1815 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ዋጋ ከተወሰነ ጣሪያ ሳይደርስ የውጭ እህል ለአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ጣሪያው ለስንዴ በአንድ «ኳርተር» 80 ሺሊንግ፣ ለራይ፣ ለአተርና ለባቄላ 53፣ ለገብስ 40 ሺሊንግ ነበር፤ አጃም የራሱ ጣሪያ ነበረው። ዝርዝሩን ልብ ይበሉት፤ «ኮርን» ባለው ሕግ ውስጥ አተርና ባቄላ እንኳ ገብተዋል። ለአከራካሪው ሁሉ የምጠቅስለት ማስረጃ ይህ ነው፤ «የበቆሎ ሕግ» የሚል ትርጉም ሕጉ ራሱ ያፈርሰዋል።

በነገራችን ላይ ይህ «ኳርተር» ሩብ አይደለም። 8 ቡሽል የሚይዝ የስፍር መለኪያ ነው፤ ከ280 እስከ 290 ሊትር ገደማ ይሆናል፣ በስንዴ ሲመዘን ወደ 218 ኪሎ ግራም። በቁና ከሚሰፈረው የእኛ እህል ጋር ቢያስተያዩት ይቀላል፤ የሚለካው መጠን እንጂ ክብደት አይደለም፣ ስለዚህም አንድ ኳርተር አጃ ከአንድ ኳርተር ስንዴ ይቀልላል። «80 ሺሊንግ በሩብ» ብለው ከጻፉ አንባቢ የምን ሩብ እንደሆነ ሲያስብ ይቀራል። «ኳርተር» ብለው ይተዉትና አንድ ጊዜ በግርጌ ያስረዱ።

ሕጎቹን ለመሻር ሪቻርድ ኮብደንና ጆን ብራይት ማንችስተር ላይ ሆነው ዓመታት ታገሉ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ1846 አስሻራቸው። እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ በጣም የሚያደናብረው። በ1845 የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲመታ ይኸው ፒል በኅዳር ወር በ100,000 ፓውንድ የሚገመት በቆሎ ከአሜሪካ በምስጢር አስገዛ። የዘመኑ ጽሑፎች ይህን «ኢንዲያን ኮርን»፣ ዱቄቱን ደግሞ «ኢንዲያን ሚል» ይሉታል። እህሉ ጠጣር ስለነበር የአየርላንድ ወፍጮዎች በአንድ ዙር ሊያደቁት አልቻሉም፤ ሁለት ጊዜ መፈጨት ነበረበት። በደንብ ሳይፈጭና ሳይበስል የበላው ሕዝብ ሆዱን ታመመ፤ ቢጫ ቀለሙን አይቶም «የፒል ድኝ» አለው። በዚያው ወቅት ከአየርላንድ ወደቦች «ኮርን» ተጭኖ ወደ እንግሊዝ ይወጣ ነበር፤ ይህኛው በብዛት አጃ ነው፣ ስንዴና ገብስም አለበት። ሁለቱንም በቆሎ ብለው ከተረጎሙ አየርላንድ በአንድ በኩል በቆሎ እያስገባች በሌላ በኩል በቆሎ የምታስወጣ ሞኝ አገር ትመስላለች። የታሪኩ መራራነት ያለው ልዩነቱ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ያመረተው አጃና ስንዴ እየተጫነ ሲወጣ የማያውቀው በቆሎ ለቀለብ ይመጣለታል። አንባቢዎ ይህን እንዲያይ ከፈለጉ የሚወጣው «እህል»፣ የሚገባው «በቆሎ» ይባል።

የእህል ገበያ አዳራሾችም በመጽሐፉ ይኖሩ ይሆናል። «ኮርን ኤክስቼንጅ» ነጋዴዎች የእህል ናሙና ይዘው የሚዋዋሉበት ሕንጻ ነው፤ በ1863 የተከፈተው የሊድስ ከተማ ሞላላ አዳራሽ ዛሬም ቆሟል፣ ሱቆች ናቸው ያሉበት። «ኮርን ቻንድለር» የእህል ቸርቻሪ፣ «ኮርን ፋክተር» በኮሚሽን የሚሠራ የእህል ደላላ ነው። «ኮርን ዶሊ» አሻንጉሊት ቢመስልም ከአጨዳ በኋላ ከስንዴ አገዳ የሚጎነጎን ጌጥ ነው።

በ1611 በታተመው የንጉሥ ጀምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይም ቃሉ ሞልቷል፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ያደረገውን ማየት ጥሩ ትምህርት ነው። ያዕቆብ በግብፅ «ኮርን» እንዳለ ሲሰማ የእኛው «እህል» ይላል። ደቀ መዛሙርቱ በሰንበት ቀን «የኮርን ጆሮ» ሲቀጥፉ የእኛው «እሸት» ይላል። «ጆሮ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የእህል ዛላ በእንግሊዝኛ «ኢር» ይባላል፤ ከምንሰማበት ጆሮ ጋር በድምፅ ተገናኘ እንጂ በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዮሐንስ 12፥24 ደግሞ በምድር ወድቃ የምትሞተው «ኮርን ኦቭ ዊት» ናት፤ አማርኛው «የስንዴ ቅንጣት» ይላል። እህል፣ እሸት፣ ቅንጣት። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሦስት ቦታ ሦስት የአማርኛ ቃል ወሰደ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። ዳዊት ለወንድሞቹ ይዞላቸው የሄደው «ፓርችድ ኮርን» በቆሎ ጥብስ ሳይሆን የተቆላ እህል ነው፤ ቆሎ ማለት ይቻላል። በነዚህ መጻሕፍት በቆሎ ሊኖር የማይችለው ደግሞ በቀላል ምክንያት ነው፤ ከ1492 በፊት በቆሎ ከአሜሪካ ውጭ አልነበረም።

(የዚያው ትርጉም «ሚት ኦፈሪንግ» ከዚህ ይብሳል። ዛሬ «ሚት» ሥጋ ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ላይ ግን መሥዋዕቱ ዱቄትና ዘይት እንጂ ሥጋ የለበትም። «ሚት» ያን ጊዜ ምግብ በሙሉ ነበር። አማርኛው «የእህል ቁርባን» ብሎ ከወጥመዱ አምልጧል።)

የ«ቅንጣት» ትርጉሙ ዛሬም በተጣመሩ ቃላት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ኮርንድ ቢፉ ከዚህ ነው። ሥጋው ላይ የሚነሰነሰው ሻካራ ጨው ቅንጣቱ «ኮርን» ስለሚባል በእሱ የታሸ ሥጋ «ኮርንድ» ተባለ፤ በቆሎም ሆነ ሌላ እህል አልነካውም። አሁን በአብዛኛው የሚዘጋጀው በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ ነው፤ ቢበስልም ቀይ ሆኖ የሚቆየው በውስጡ በሚጨመረው ናይትራይት ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ስሙ በጨው የቆየና የተቀቀለ የበሬ ፍሪምባ ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ የታሸገውን የተከታተፈ ሥጋ ነው የሚያመለክተው። በእርስዎ መጽሐፍ «በጨው የተቀመመ የበሬ ሥጋ» በቂ ነው።

ባሩድም «ይኮርናል»። ዱቄቱ ባሩድ በጉዞ ላይ ሲነቃነቅ ድኙ፣ ከሰሉና «ሶልትፒተር» የሚባለው ጨው እየተለያዩ ይዘቅጣሉ፤ ተጨቁኖ ሲገባም በመካከሉ እሳቱ የሚያልፍበት ክፍተት ስለማይኖር አነዳዱ አይተማመኑበትም። ስለዚህ ዱቄቱን አርጥበው፣ ጠፍጥፈው፣ በወንፊት እየለዩ ወደ ቅንጣት ይለውጡታል። ሥራው «ኮርኒንግ»፣ ቤቱ «ኮርኒንግ ሚል» ይባላል። በቆሎ መፈልፈያ ብሎ የሚተረጉም ሰው የባሩድ ፋብሪካን ወፍጮ ቤት ያደርገዋል።

የገብስ ቅንጣት፣ «ባርሊኮርን»፣ የርዝመት መለኪያ ነበር፤ ሦስቱ ሲደረደሩ አንድ ኢንች። የሚያስቀው ነገር እግርዎ ሥር አሁንም አለ። የእንግሊዝም የአሜሪካም የጫማ ቁጥር ከአንዱ ወደ ቀጣዩ የሚጨምረው በዚሁ ሲሶ ኢንች፣ 8.47 ሚሊ ሜትር ነው። «ፔፐርኮርን» ደግሞ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ነው፤ የውል ሰነድ ላይ «ፔፐርኮርን ሬንት» ሲያገኙ ግን ቅመም የለበትም፤ ውሉ በሕግ እንዲጸና ብቻ ለስሙ የሚከፈል ኪራይ ማለት ነው።

የሰውዬው እግር ላይ የወጣው ጭራሽ ሌላ ቃል ነው። ይህ «ኮርን» በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ኮርኑ»፣ ቀንድ፣ የመጣ ነው፤ ጫማ ሲጫንና ሲያሻሽ ቆዳው እንደ ቀንድ ጠጥሮ መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚወጋ። «ኮርነር»፣ «ኮርኔት» የተባለው ጡሩንባ፣ የዐይን «ኮርኒያ»፣ ባለ አንድ ቀንዱ «ዩኒኮርን» የዚህ ቤተሰብ ናቸው። የግዕዙ «ቀርን» ከላቲኑ ጋር መመሳሰሉ ዐይን ይስባል፤ ምሁራንም ተነጋግረውበታል። በአማርኛ «ጫማ ያወጣበት ጠጣር ቆዳ» ወይም እንደ አገባቡ «የእግር ጣት ጠጣር» ቢሉት ይገባል። መድኃኒት ቤት ውስጥ «ኮርን ፕላስተር» የሚል ማሸጊያ ሲተረጎምም እንዲሁ፤ ብዙዎቹ ቆዳ የሚያቀልጥ ሳሊሲሊክ አሲድ ስላለባቸው ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር እንዳይለጥፋቸው የሚለው ማስጠንቀቂያ አብሮ መተርጎም አለበት።

«ኤኮርን»፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ጥንት ከ«ኮርን» ጋር የማይገናኝ ቃል ነበር፤ ሰው «የኦክ እህል» መስሎት አጻጻፉን አጣመመው።

የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ስሞች ላይም ይጠንቀቁ። «ኮርንፍላወር» ሰማያዊ አበባ ናት፤ «ኮርን ፖፒ» ቀይ፤ «ኮርንክሬክ» ወፍ ነው። ሁሉም የስንዴና የገብስ ማሳ ኗሪዎች ናቸው፤ አበቦቹ ለገበሬው አረም። እዚህ ደግሞ እንግሊዝኛው ራሱ ይቀልዳል። «ኮርንፍላወር» አበባዋን ትተው በሌላ ፊደል «ኮርንፍላወር» ዱቄት ቢሉ፣ በብሪታንያ እሱ የበቆሎ ስታርች ነው። ያው «ኮርን» ስንዴ ነው የሚል አገር ዱቄቱ ላይ ሲደርስ በቆሎ አለ፤ ምርቱ የመጣው በቆሎን ከሚያውቀው ኢንዱስትሪ ነውና።

ወጥ ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ምግብ ያበላሻል። የእንግሊዝ የምግብ አሠራር «ኮርንፍላወር» ካለ እኛም በዚሁ ስም ሱቅ የምንገዛው፣ በጣት ሲያሹት የሚንሸራሸር ነጭ ስታርች ነው፤ አሜሪካኖች «ኮርንስታርች» ይሉታል። የአሜሪካ ጽሑፍ ላይ «ኮርን ፍላወር» ካገኙ ግን ሙሉው በቆሎ ልሞ የተፈጨ ዱቄት ነው፣ «ኮርንሚል» ደግሞ ሻካራው። ለመካከለኛ ውፍረት ሶስ አንድ ሲኒ (240 ሚሊ ሊትር) ፈሳሽ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 8 ግራም ገደማ፣ ስታርች ይበቃዋል። በእጥፍ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ወደሚፈላው መጨመር ነው፤ ደረቁን ሙቅ ውስጥ ከጨመሩት የእያንዳንዱ ጉብታ ላይኛው ክፍል ወዲያው ተጣብቆ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በስታርቹ ቦታ የበቆሎ ዱቄት ከገባ ሶሱ አይጠራም፣ ምላስም ላይ ይሻክራል፤ ጥፋቱ የባለሙያዋ ሳይሆን የተርጓሚው ነው።

አፍሪካን የሚመለከት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ «ጊኒ ኮርን» ማሽላ ነው፤ ናይጄሪያ ውስጥ ዛሬም ይባላል። በደቡብ አፍሪካ የቆዩ ጽሑፎች ማሽላን የሚጠሩበት ሌላ «ኮርን» አለ፤ ፊተኛው ቃል ጥቁሮችን የሚሰድብ ስለሆነ ዝም ብሎ «ማሽላ» ማለት ነው የሚሻለው። እዚያው አገር በቆሎው «ሚሊስ» ነው፤ ከፖርቱጋሎቹ «ሚልዮ» የመጣ፣ እሱም በፊት የዳጉሳን ወገን እህሎች ይጠራ የነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኙ እንግሊዞች «ኮርን» ሲሉ ካጋጠመዎት ደግሞ ጤፍ፣ ገብስ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ ሊሆን ስለሚችል፣ የቦታው ከፍታ ካልነገረዎት በቀር «እህል» ብለው ይለፉት። ደጋ ላይ ማሽላ፣ ቆላ ላይ ገብስ አይጠበቅም።

የዛሬ አሜሪካ ጽሑፍ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ «ኮርን» በቆሎ ነው፣ አበቃ። ሕጉም ይጠቀምበታል፤ «ቦርቦን» ለመባል ውስኪው የሚጠመቅበት እህል ቢያንስ 51 በመቶ፣ «ኮርን ውስኪ» ለመባል 80 በመቶ በቆሎ መሆን አለበት። የገበያ ዜና የሚተረጉም ሰው አንድ ቡሽል በቆሎ 56 ፓውንድ (25.4 ኪሎ)፣ አንድ ቡሽል ስንዴ ግን 60 ፓውንድ (27.2 ኪሎ) መሆኑን ካላወቀ ኩንታሉን ያሳስታል። አንድ ኩንታል በቆሎ 3.94 ቡሽል ነው፤ 5,000 ቡሽል የሆነው የቺካጎ የወደፊት ግብይት ውል ወደ 1,270 ኩንታል ይመጣል። የዛሬዋ ብሪታንያ መሐል ላይ ናት፤ ገበሬው አሁንም «ኮርን» ሲል የቆመ ስንዴና ገብሱን ነው፣ የከተማው ሰው ግን ቆርቆሮ ውስጥ ያለችውን ቢጫ «ስዊትኮርን» ያስባል። ቀልድ ወይም ዘፈን «ኮርኒ» ነው ከተባለ አሜሪካዊ አነጋገር ነው፤ የገጠሬ፣ ያረጀና የሰለቸ ማለት።

ዘመኑና አገሩ ካልለዩልዎት አጠገቡ ያሉትን ቃላት ይመልከቱ። ማጭድ፣ ነዶ፣ ክምር፣ አውድማ፣ ገለባ፣ የሚያበራይ በሬ ካለ የብርዕ ወገን እህል ነው። ቆረቆንዳ፣ ገለፈት መላጥ፣ ጫፉ ላይ ፀጉር፣ በረድፍ የተተከለ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አገዳ ካለ በቆሎ ነው። ማሳው «ወርቅ መስሎ በነፋስ እየተዘናፈለ» ከተባለ ስንዴ ወይም ገብስ ነው። ሰዋስውም ይረዳል፤ የእህሉ «ኮርን» ብዙ ጊዜ አይቆጠርም፣ ስለዚህ የብዙ ቁጥር «ኮርንስ» ሲያዩ መጀመሪያ እግሩን፣ ቀጥሎ ቅንጣቱን ይጠርጥሩ።

ረቂቁን ሲያርሙ «በቆሎ»ን በአንድ ጊዜ «እህል» በሚል አይተኩ፤ ትክክለኞቹን በቆሎዎች ይዞብዎት ይጠፋል። መጀመሪያ በእንግሊዝኛው ቅጂ «ኢንዲያን» የሚለውን ፈልገው ከኋላው «ኮርን» ወይም «ሚል» ያለበትን ሁሉ ምልክት ያድርጉ፤ እነዚያ በቆሎ ሆነው ይቆያሉ። ረሃቡ በተተረከባቸው ምዕራፎች ጸሐፊው አንዴ «ኢንዲያን ኮርን» ብሎ ቀጥሎ «ኮርን» ብቻ ሊል ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ምልክት በኋላ ያለውን አንቀጽ እስከ መጨረሻው ያንብቡ። ቀጥለው የእግሩንና የሥጋውን ያውጡ። የቀረው እህል ነው። ዋጋ በኳርተር ተጠቅሶ ምን እህል እንደሆነ ካልተጻፈና ቦታው እንግሊዝ ከሆነ «ስንዴ» ማለት ያስኬዳል፤ ስኮትላንድ ወይም አየርላንድ ሆኖ ስለ ገበሬው ቀለብና ስለ ፈረስ መኖ ከተወራ «አጃ» ይሁን።